ቅጠሉ የተፈቀደ፣ ውስጡ የተከለከለ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጫት ነው። የምትቅሙ «ደግሞ ሊሰድቡን መጡ» ብላችሁ ጣቢያ እንዳትቀይሩ፣ የማትቅሙም «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳትዘጉ አደራ እላለሁ። ስድብም ውዳሴም አላዘጋጀሁም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከቄራ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞና ሃና ማርያም፣ ጫት የማይሸጥበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ክርክሩን በአንድ ጥያቄ የሚዘጋው። «ክልክል ቢሆን ኖሮ በአደባባይ ይሸጥ ነበር?» ይላል። እውነት አለው፤ የጫት ቅጠል በኢትዮጵያ ሕግ አልተከለከለም። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በጣም ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ሠንጠረዥ ላይ ከኤል ኤስ ዲ ጋር አብሮ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት።

ቅጠሉ የተፈቀደ፣ ውስጡ ያለው የተከለከለ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለቃሚው፣ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱስ ምን ማለት ነው? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው። የምጠራቸውን ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጆችና በጀት ዓመት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ከሱቁ እንጀምር። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጀሞ ወይም ላፍቶ ካለ አንድ የጫት ሱቅ ፊት ብትቆሙ የምታዩት ጥድፊያ ነው። ጭነቱ ይወርዳል፤ በኮባ የተጠቀለለው እስር ይፈታል፤ ሻጩ ውሃ ረጨት ረጨት ያደርግና እርጥብ ጨርቅ ያለብሰዋል። ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የዛሬ ነው?» ይላል። ሻጩም «አሁን የገባ ነው፤ ንካው» ብሎ ቀንበጡን ያስጨብጠዋል። በለጬም ይሁን አወዳይ፣ ገለምሶም ይሁን ወንዶ፣ አቦ ምስማርም ይሁን ባሕር ዳር፣ ያደረ ጫት ዋጋው ይወድቃል። የጫት መኪና ነጂ በመንገዳችን ላይ በፍጥነቱ ስሙ የከፋውም ከዚሁ ጥድፊያ የተነሳ ነው።

ጥድፊያው የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ጫት በሳይንሳዊ ስሙ ካታ ኢዱሊስ ይባላል። ስሙ በ1775 በታተመ መጽሐፍ የወጣ ሲሆን፣ ተክሉን የመዘገበው ፒተር ፎርስኮል የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እሱ ራሱ መጽሐፉን ሳያይ በ1763 የመን ውስጥ ሞቷል። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የጫት ኃይል የሚመጣው በ1930 ከታወቀው ካቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን ካቲን ብቻውን ትኩስ ጫት የሚያመጣውን መነቃቃት የሚያስረዳ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱ የታወቀው በ1975 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል መርምሮ ካቲኖንን አገኘ። ካቲኖን ከካቲን እጅግ የበረታ ነው፤ ግን አይበረክትም። ቅጠሉ ከተቀነጠሰበት ሰዓት ጀምሮ እየፈረሰ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል።

እንግዲህ የአወዳይና የወንዶ ገበሬ፣ ሳይንቲስቶቹ ላቦራቶሪ ከመግባታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ይህን በልምድ ያውቀው ነበር። ኮባው ለጌጥ የሚጠቀለል አይደለም፤ እርጥበቱን ይዞ የካቲኖንን መፍረስ ያዘገያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ቅጠሉን ተከትለን ወደ ሰውነታችን እንግባ። አንድ ሰው በአንድ በርጫ፣ ማለትም በአንድ የመቃሚያ ጊዜ፣ የሚያላምጠው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ግራም ቅጠል ይሆናል። በጉንጭ ተይዞ ቀስ እያለ ስለሚታኘክ ካቲኖን ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው፤ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በመርፌ ወይም በጭስ ከሚወሰዱ ዕፆች ጋር ሲነጻጸር የጫት ሱስ ለዘብ የሚለው በከፊል በዚህ ዝግታ ምክንያት ነው።

ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክተኞች ከተቀመጡበት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ቃሚው ምርቃና የሚለው ይህን ነው። ወሬው ይጥማል፤ ሐሳብ ይፈሳል፤ ድካምና ረሃብ ይጠፋሉ፤ ሁሉም ዕቅድ የሚሳካ ይመስላል። በዚያው ሰዓት ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የሰውነት ሙቀትም ከፍ ይላል። ሁለቱም የአንድ ንጥረ ነገር ሥራዎች ስለሆኑ ምርቃናውን ተቀብሎ ግፊቱን መመለስ አይቻልም።

ጫት ጉልበት ይሰጣል የሚባለውም መታረም አለበት። ጫት የሚሰጠው ብድር ነው፤ ድካሙን ዛሬ ይሸፍንና ነገ ከነወለዱ ያስከፍላል። ምርቃናው ሲያልቅ ዝምታ፣ ብስጭትና የእንቅልፍ እጦት ይከተላሉ። እንቅልፍ ለማምጣት አረቄ ወይም ቢራ ፍለጋ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጨብሲ የሚባለው። ብዙ ሰው ጫት ጠጪ እንዳደረገው ሳያውቅ ሁለት ሱስ ይዞ የሚገኘው በዚህ በር ገብቶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሐራራው ይመጣል፤ እሱን ለመስበር ደግሞ ኢጃበና የሚባለው የጠዋት ጫት ይቃማል። በየቀኑ ይቅም የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል፤ ቀን ድብርትና እንቅልፍ ይበዛበታል። እነዚህ ምልክቶች ቢያስጨንቁም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ግን «ያለ ጫት መኖር አልችልም ማለት ነው» ብሎ በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ጉዳቱን በጥቅሉ ከመደርደር፣ ብዙ የማይነገሩትን ላንሳ። አንደኛው የመድኃኒት ነገር ነው። የመን ውስጥ በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ጫት እየቃሙ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው በቂ ባልሆነ መጠን ነው፤ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይነካል። ለኢንፌክሽን የታዘዘለትን እንክብል በበርጫ መካከል የሚውጥ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ቢል አይገርምም። ሁለተኛው ጉበት ነው። ሐረር ከተማ ውስጥ በሆስፒታል በተደረገና በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ከጫት መቃም ጋር ግንኙነት እንዳለው ታይቷል። ሦስተኛው ልብ ነው፤ የየመን ሐኪሞች አብዝተው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። አራተኛው ፀረ ተባይ ነው። ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ጫት ሲመረመር ዲዲቲን የመሰሉ የኬሚካል ቅሪቶች ተገኝተውበታል። ለሽያጭ የሚረጨው ውሃ ቅጠሉን ያለመልመዋል እንጂ አያጥበውም። የሚቅም ሰው ቢያንስ ቤቱ ወስዶ በሚፈስ ውሃ ይጠብ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትንም ልጨምር። የጫት ንጥረ ነገር በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ በእርግዝና ጊዜ መቃምም ከሚወለደው ሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል። ይህን የምናገረው ጫት የወንድ ብቻ ነው የሚለው አባባል ስለማይሠራ ነው። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው የሚያውቁ ወንዶች ከመቶ 27፣ ሴቶች ደግሞ ከመቶ 12 ናቸው። አካባቢ ለአካባቢም ይለያያል፤ በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተና በ1999 የታተመ ጥናት ከሁለት ሰው አንዱ እንደሚቅም አግኝቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። «ይህ ሁሉ ካለበት ለምን አልተከለከለም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ታሪክ ነው። ጫት በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ድል ካደረገ በንጉሡ ከተማ ጫት እንደሚተክል መዛቱን ይተርካል። በሐረርና በወሎ ለዘመናት ከዱዓና ከሌሊት ጸሎት ጋር የተያያዘ ቦታ ነበረው።

ሁለተኛው ኢኮኖሚ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሕዝቅኤል ገቢሳ የሐረርጌ ገበሬ በመቶ ዓመት ውስጥ እንዴት ወደ ጫት እንዳዘነበለ በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ አሳይተዋል። መሬት ሲጠብ፣ የቡና ዋጋ ሲዋዥቅ፣ በዓመት ደጋግሞ የሚቀነጠስ ተክል ለገበሬው መተማመኛ ሆነ። በ2013 በጀት ዓመታችን ከጫት ወጪ ንግድ አገሪቱ ያገኘችው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ዋነኞቹ ገዢዎች ሶማሌላንድ፣ ሶማሊያና ጅቡቲ ናቸው። መንግሥትም በአዋጅ ቁጥር 767/2004 በጫት ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል። ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ክልክል ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የዓለም አቀፉ ስምምነት አሠራር ነው። የ1971ዱ ስምምነት የሚቆጣጠረው ተነጥሎ የወጣውን ንጥረ ነገር ነው፤ ንጥረ ነገሩን በተፈጥሮው የያዘውን ተክል በራሱ አይዝም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መግባት አያስፈልገውም ብሏል። በዚያው ውሳኔው ግን አብዝቶ መቃም የማኅበራዊና የጤና ችግር እንደሚያስከትል ጠቅሶ፣ አገሮች ሕዝባቸውን እንዲያስተምሩ መክሯል። ከ«አያስፈልገውም» በኋላ ያለውን ምክር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አራተኛው የክልከላ ልምድ ነው። ኤደን በእንግሊዞች ሥር ሳለች በ1957 ጫት ከለከለች፤ በዓመቱ ክልከላው ተነሣ። በሶማሊያ ዚያድ ባሬ በ1983 ከለከሉ፤ ጫቱ በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቆመም።

ስለዚህ ሕጉ ዝም ያለው ቅጠሉ ጉዳት የለውም ተብሎ ተረጋግጦ አይደለም። የዝምታው ስፋት የሚታየው ከሌሎቹ ጋር ስናስተያየው ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ክልክል ነው። ለጫት እንዲህ ጥርት ያለ አገር አቀፍ የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠለትም። ካናቢስ ደግሞ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ሥር ይወድቃል፤ ማምረቱም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም ያስቀጣል። «ጫትም ሐሺሽም ያው ቅጠል ነው» የሚል ወጣት ካለ፣ በፍርድ ቤት ፊት ያው አይደሉም።

ሺሻም እንዲሁ። ጫት መሸጥ ስለተፈቀደ ጓዳው ውስጥ ሺሻ ማስጨስ የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ፤ አልተፈቀደም። ፖሊስና ደንብ አስከባሪዎች በየጊዜው በትምህርት ቤት አካባቢ ማስቃሚያና ሺሻ ማስጨሻ ቤቶችን ሲያሽጉ የምንሰማው ለዚህ ነው። ግቢዋን ወይም የኮንዶሚኒየም ቤቷን የምታከራይ እናትም ቤቱ ለምን ሥራ እንደሚውል ውሉ ላይ በግልጽ ብታስጽፍ ኋላ ከጭቅጭቅ ትድናለች።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምናገረው ውጭ አገር ዘመድ ላለው ሁሉ ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ የሌለው ጥቂት ነው። ቅጠሉ ሕጋዊ የሆነው እዚህ ነው፤ ቦሌን ተሻግሮ ሌላ አየር ማረፊያ ሲያርፍ ስሙ ይለወጣል።

እንግሊዝ አገር ጫት ለረጅም ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ይገባ ነበር። የመንግሥቱ አማካሪ ጉባኤ በ2013 መጀመሪያ መከልከሉን አልደገፈም፤ መንግሥት ግን ምክሩን ሳይቀበል ቀርቶ ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ ከለከለ። ኔዘርላንድስ ከዚያ ቀድማ በ2013 ዘግታለች። ስዊድንና ኖርዌይ ከ1989 ጀምሮ ከልክለዋል። አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአንደኛው ሠንጠረዥ ላይ ስላለ ትኩስ ጫት ይዞ መገኘት በከባድ ዕፅ ሊያስከስስ ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያም ቻይናም ይከለክላሉ።

ክልከላው ሲጠብቅ የመጣው የደረቀ ጫት ነው። ቅጠሉ በጥንቃቄ ሲደርቅ የካቲኖኑ ከፊል ስለማይጠፋ፣ ተፈጭቶ ወይም ተሰባብሮ በ«ሻይ ቅጠል»፣ በ«ሞሪንጋ» ወይም በ«ሂና» ስም በፖስታና በመንገደኛ ይላካል። በየአገሩ ጉምሩክ በብዛት የሚያዘውም ይኸው ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ለጉዞ ስትነሣ አንድ የሰፈር ሰው መጥቶ «እቺን ትንሽ ሻይ ቅጠል ለወንድሜ አድርሺልኝ» ቢል፣ ይሉኝታውን ለአንድ ቀን ተዉት። ከፍታችሁ እዩ፤ ካልታወቀ አትያዙ። ጉምሩክ ሻንጣው የማን እንደሆነ እንጂ የማን አደራ እንደሆነ አይጠይቅም። በዚህ የተነሳ ትምህርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ያጣ ሰው እንዳለ የደረሰበት ቤተሰብ ያውቀዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ ሕጉ አልከለከለም፤ የዕድሜ ገደብም አላበጀም። ውሳኔው ለቃሚውና ለቤቱ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ልንገራችሁ።

ወላጆች፣ ልጅ ጫት እንዲገዛ አትላኩ። ሱቁን፣ ሻጩንና ዋጋውን የሚለምደው በእናንተው ብር ነው። ልጃችሁ ለፈተና ማጥኛ ብሎ ከጀመረ፣ ጫት እንቅልፍ እንደሚከለክል፣ የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ግን በእንቅልፍ እንደሆነ ንገሩት።

ሹፌሮች፣ ጫት እንቅልፍን ያባርራል እንጂ ድካምን አያድንም። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ መሪ ላይ እንዳላችሁ ድንገት ይመጣል። ከሐዋሳ ወይም ከጅማ ጭናችሁ የምትመጡ፣ ሃያ ደቂቃ ዳር ይዞ ማሸለብ ከሌላ ዙር ቅጠል ይሻላል።

የምትቅሙ፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የጨጓራ ወይም የጉበት ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ጫት ለእናንተ አይሆንም። ቀድሞ በራሱም ሆነ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ሰው በማይሰማው ድምፅ መጨነቅ፣ «ይከታተሉኛል» ማለት፣ ለቀናት አለመተኛት ከታየ ምርቃና ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

መተው ወይም መቀነስ ለሚፈልግ ሰው የሚያግዘው ከቅጠሉ ይልቅ ሰዓቱን መያዝ ነው። መጀመሪያ ኢጃበናውን፣ ቀጥሎ ጨብሲውን ያቁም፤ የበርጫውን ቀናት በሳምንት እየቀነሰ ይሂድ። በእነዚያ ሰዓታት ደግሞ ሌላ የሚሄድበት፣ ሌላ የሚቀመጥበት ሰው ይኑረው። ብዙ ቃሚ የሚናፍቀው ቅጠሉን ያህል ጨዋታውን ነውና፣ ቤተሰብ ቁጣውን ትቶ ቡናውን ቢያፈላለት ብዙ ይረዳዋል።

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ቤታችሁ ውስጥ የሚቅምና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚውጥ ዛሬ ማታ ጠይቁት። በበርጫ ሰዓት ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ሄዶ «እቅማለሁ» ብሎ በግልጽ ይንገር። ሕጋዊ ነውና የሚያሳፍረው ነገር የለም፤ ሐኪሙ ካላወቀ ግን ሊረዳው አይችልም።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)